ደብረ ብርሃን፣ ዝቅተኛ አራት

በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ ሙሉ ጸጥታ የሚሰፍነው በቀን ሁለት ጊዜ ነበር። አንዱ ማዕድ ሲባረክ ነው። ሌላው ከምሽቱ 2 ሰዓት ዜና በኋላ የአየር ጠባይ ትንበያ ሲነበብ። ዜናው እየተነበበ ማውራት ይቻላል። ስፖርቱ ላይ መጮህም ይቻላል። የኢትዮጵያ ካርታ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ግን አባዬ ቀኝ እጁን ያነሳል፣ በቃ፣ ያ እጅ እስኪወርድ ድረስ ትንፍሽ የሚል የለም፤ እማዬ እንኳን ከጓዳ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀው።

ጊዜው 1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ቴሌቪዥን ማለት ያኔ አንድ ጣቢያ ነው። "ቴሌቪዥኑ ምን አለ?" ሲባል የትኛው ጣቢያ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

ከተሞቹ በተራ ይጠራሉ። አዲስ አበባ፣ ከፍተኛ ይህን ያህል፣ ዝቅተኛ ይህን ያህል። ጎንደር። ባሕር ዳር። መቀሌ። ድሬዳዋ። እኔ የምጠብቀው ጋምቤላን ነበር፣ ቁጥሯ ሁልጊዜ ትልቅ ስለሆነ ደስ ትለኛለች። አባዬ የሚጠብቀው ደብረ ብርሃንን ነው። የተወለደው እዚያ አካባቢ ነው። ታላቅ ወንድሙ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ አሁንም እዚያው ያርሳሉ። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ።

አንድ የኅዳር ምሽት ትዝ ይለኛል። "ደብረ ብርሃን፣ ዝቅተኛ አራት" ተባለ። አባዬ እጁን አወረደ።

"አለቀ" አለ። "ባቄላው አለቀ።"

እኔ ደግሞ ውሃ የሚረጋው ዜሮ ላይ ነው ብሎ አስተማሪ በዚያው ሰሞን ነግሮናል። አራት ዜሮ አይደለም። አራት ከዜሮ በላይ ነው። ይህንኑ ለአባዬ ነገርኩት። "አንተ ውርጭ አታውቅም" ብሎኝ ተነሳ። ከሳምንት በኋላ ከአገር ቤት የመጣ ሰው ወሬውን አመጣ፤ ረባዳ ረባዳውን ያለው ማሳ ላይ ባቄላው እሳት እንደላሰው ጠቁሯል። አራት ዲግሪ ላይ! ይህ ነገር እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። እደርስበታለሁ።

ስለ አየር ጠባይ ሰዓት ለመጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ምክንያቱም ቴሌቪዥናችን ውስጥ ካሉት ሰዓቶች ሁሉ የዚያን ያህል ሁሉንም ሰው የሚመለከት የለም ብዬ አምናለሁ፣ የዚያን ያህል ችላ ተብሎ የሚታይም የለም። ዜና አንባቢው "መልካም ምሽት" ሊል ሲል የምትገባ፣ ብዙ ሰው ሽንት ቤት የሚሄድባት ሁለት ደቂቃ። ታሪኳን ግን ዞር ብሎ ላየው ሰው የዚህ አገር ቴሌቪዥንና የዚህ አገር ዝናብ ከመጀመሪያው ተጣብቀው የኖሩ ነገሮች ናቸው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በይፋ የተመረቀው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ቀኑ ያለ ነገር አልተመረጠም፣ ጥቅምት 23 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ነው። ቶምሰን የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ሥራውን አገዘ። ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ምስሉ ጥቁርና ነጭ። ስርጭቱ የሚደርሰው አዲስ አበባና ዙሪያዋን ነው፣ እሱም ማታ ማታ። ማለትም ገና ሲጀመር ቴሌቪዥን የከተሜ ነገር ነበር። የሚያርሰው ሕዝብ ደግሞ ያለው ከስርጭቱ ውጪ ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ ምን ሆነ? ወሎ ላይ ዝናቡ ከዳ። ሕዝቡ አለቀ። መንግሥት ነገሩን ሸፋፍኖ ለማለፍ ሞከረ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ገብቶ የሠራው ዘገባ በ1966 መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ታየ፣ ዓለም ሰማ። እዚህ ግን ሕዝቡ አላየውም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ማታ፣ ደርግ ያንን ፊልም በቤተ መንግሥት የድግስ ምስሎች እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። አንዴ በረሃብ የደቀቀ ሕፃን፣ አንዴ ኬክ። በማግስቱ መስከረም 2 ንጉሡ ወረዱ። በዚህ አገር የቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ ከዚያች ማታ የበለጠ ከባድ ማታ ያለ አይመስለኝም። የማታዋም ዋና ጉዳይ ያልዘነበ ዝናብ ነበር።

እንደገና አሥር ዓመት። ቀለም መጣ። የደርጉ ፓርቲ ኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ሲመሠረትና የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር፣ በ1977 መግቢያ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ መደበኛ የቀለም ስርጭት ጀመረ። በዚያው ሰሞን ሰሜኑ እየረገፈ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ጋዜጠኛው ማይክል በርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ከኮረም የላኩት ዘገባ በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን አስለቀሰ። እኛ በቀለም ሰልፍ አየን፣ ሌላው ዓለም በቀለም ረሃባችንን አየ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። በእርግጥ ረሃብ የዝናብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ጦርነት ነበር፣ ፖሊሲ ነበር፣ መደበቅ ነበር። ዝናቡ ግን በር ከፋቹ ነው።

እንግዲህ 1957፣ 1967፣ 1977። እነዚህን ሦስት ዓመቶች አጠገብ ላጠገብ ሳስቀምጣቸው አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ዝናብ መንግሥት የሚያወርድበት አገር ውስጥ የአየር ጠባይ ሰዓታችን ለምን ሙቀት ይቆጥራል?

ከፍተኛ፣ ዝቅተኛ። ከፍተኛ፣ ዝቅተኛ። ይህ አቀራረብ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። ቴሌቪዥን ላይ ሰው ካርታ ፊት ቆሞ አየር ጠባይ ማውራት እንግሊዝ አገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጥር 11 ቀን 1954 ነው፣ ጆርጅ ካውሊንግ በተባለ ባለሙያ። እነዚያ አገሮች ውስጥ ሙቀት በእርግጥ ትልቅ ወሬ ነው። ዛሬ 18 የነበረው ነገ 7 ሊሆን ይችላል። ካፖርት ልልበስ ወይስ አልልበስ፣ መንገዱ በረዶ ይይዝ ይሆን፣ የማሞቂያው ወጪ ስንት ይሆን፣ ይህን ሁሉ ቁጥሩ ይወስነዋል።

አዲስ አበባን እንይ። የቀን ከፍተኛ ሙቀቷ አማካይ በሐምሌና በነሐሴ 20 እና 21 አካባቢ ነው። በመጋቢት ቢበዛ 25 አካባቢ ነው። ዓመቱን ሙሉ የምትመላለሰው በዚች መሃል ነው። በአንድ ቀን ውስጥ በቀትርና በሌሊት መካከል ያለው ልዩነት፣ በክረምትና በበጋ መካከል ካለው ልዩነት ይበልጣል። ስለዚህ "ነገ አዲስ አበባ 23 ዲግሪ" ቢሉኝ ምን ላደርግበት ነው? ትናንትም 23 ነበር። የሚለዋወጠው ዝናቡ ነው። መቼ ይገባል፣ ስንት ቀን ይቋረጣል፣ መቼ ይወጣል። ገበሬው የሚኖረው በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ነው፣ ገበሬው ደግሞ አብዛኛው እኛ ነን።

(የዋጋ ጉዳይ የሚያሳስበው የከተማ ሰውም ቢሆን ጥያቄው ያው ነው። የመብራትም ጉዳይ እንደዚሁ፣ ግድቦቻችን የሚሞሉት በክረምት ዝናብ ነውና።)

የአየር ጠባይ ሥራው ራሱ እንዴት እንደጀመረ ማወቅም ይረዳል። ሜትዎሮሎጂ እዚህ አገር እንደ መሥሪያ ቤት ሥር የያዘው በሲቪል አቪዬሽን ጓዳ ውስጥ ነው፣ በ1943 ዓ.ም. አካባቢ፣ እንደ አንዲት ትንሽ ክፍል። ለምን አቪዬሽን? አውሮፕላን ስላለ ነዋ። አብራሪ ንፋስ ማወቅ አለበት፣ ደመናው ምን ያህል ዝቅ ብሏል፣ ማኮብኮቢያው ይታያል ወይስ ጉም ውጦታል። ባቄላ ጠያቂ አልነበረም። ራሱን የቻለ ብሔራዊ የሜትዎሮሎጂ አገልግሎት ድርጅት የተቋቋመው በ1973 ዓ.ም. ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 201። ስሙ እየተቀያየረ ሄዶ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኗል። ከ1977ቱ እልቂት በኋላ ደግሞ፣ ከ1979 ጀምሮ፣ ወቅቱ ሳይገባ ስለ ወቅቱ መተንበይ ተጀመረ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገ ይዘንባል ወይ ከማለት አልፎ መጪው ክረምት እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ ማለት ነው።

ወቅት ሲባል ለአየር ጠባይ ባለሙያዎቹ ሦስት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ። ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ። ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። ግን "ኢትዮጵያ" ብሎ በአንድ አፍ መናገር እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ ቦረናና ሶማሌ ዋናው ዝናባቸው ሰሜኑ በልግ በሚለው ጊዜ የሚዘንበው ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ እኛ አደይ አበባ ስናይ ይመጣላቸዋል፣ ክረምቱ ለእነሱ ደረቅ ነው። ስለዚህ "ክረምቱ ጥሩ ነበር" ሲባል ለማን ብሎ መጠየቅ ደግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። የወቅት ትንበያ ሲወጣ ቴሌቪዥኑ ላይ የምንሰማው ዓረፍተ ነገር ይታወቃል። "በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል መደበኛና ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል።" ይህን የሰማ ሰው ምን ይገባዋል? ዝናብ በሽ በሽ ነው፣ በቃ ዘር ይዘራ። ባለሙያው ያለው ግን ሌላ ነው።

አሠራሩን እንዲህ ብለን እናስበው። የአንድ ቦታ የ30 ዓመት የክረምት ዝናብ ይያዛል። ከትንሹ እስከ ትልቁ ይደረደራል። ዝቅተኞቹ 10 ዓመቶች "ከመደበኛ በታች" ይባላሉ። መሃለኞቹ 10 "መደበኛ"። ከላይ ያሉት 10 "ከመደበኛ በላይ"። ምንም የሚያውቁት ነገር ከሌለ ለሦስቱም የሚሰጡት ዕድል እኩል ነው፣ ሲሶ ሲሶ። ከዚያ የባሕሩን ሙቀት፣ የነፋሱን አካሄድ ያዩና ሚዛኑን ትንሽ ያጋድሉታል፤ ለምሳሌ ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20 በመቶ። ይህ ማለት ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ ከሌሎቹ ሰፋ ያለ ነው ማለት ነው። ነገር ግን ከአምስት አንድ ዕድል አሁንም ለዝናብ ማነስ ተቀምጧል! ከአምስት አንድ ማለት ቀላል አይደለም። በሬውን ሸጦ ማዳበሪያ ለሚገዛ ሰው ይህ 20 በመቶ ሊነገረው ይገባል። ቴሌቪዥኑ ጋ ሲደርስ ግን 45ቱ ብቻ ይቀርና ቁጥሩም ይጠፋና "ይጠበቃል" የምትል ቃል ትተርፋለች።

ዝናብ ደግሞ ድምሩ ብቻ አይደለም። ድምሩ መደበኛ ሆኖ፣ ሰኔ ላይ ዘግይቶ ገብቶ፣ ሐምሌ ላይ አሥራ አምስት ቀን ጠፍቶ፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ የቀረውን ሁሉ በጎርፍ አድርጎ ሊያራግፍ ይችላል። ወረቀት ላይ መደበኛ ክረምት ነው። ማሳው ላይ ግን የበቀለው ደርቆ፣ የተረፈውን ጎርፍ ወስዶታል።

የ2007ን አንርሳ። ከወዲያኛው የዓለም ጫፍ፣ ከምድር ወገብ አካባቢ ያለው የሰላማዊ ውቅያኖስ መሃልና ምሥራቁ ከልክ በላይ ሞቀ። ኤልኒኖ ነው። ኤልኒኖ ሲመጣ የእኛ ክረምት አብዛኛውን ጊዜ ይሳሳል። በልጉ ቀድሞ ከድቶ ነበር፣ ክረምቱም ተከተለው። ታኅሣሥ 2008 ላይ አስቸኳይ ምግብ ፈላጊው 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ ነው ተባለ። ከዚያ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ እስከ 2015 የኤልኒኖ ተቃራኒ የሆነው ላኒና በላይ በላዩ ሲመላለስ ሶማሌና ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከዱ። አምስት! ከብቱ ረግፎ አለቀ። ኤልኒኖ የሚለው ቃል ዛሬ በየቡና ቤቱ ይወራል፣ ለሰሜኑና ለደቡብ ምሥራቁ የሚያመጣው ነገር የተለያየ መሆኑን ግን ምን ያህል ሰው ያውቃል? ያንን የሚያስረዳ ሁለት ደቂቃ በየማታው በእጃችን አለ። ያቺ ሁለት ደቂቃ አለች።

ስለ ዕለቱ ትንበያም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም "እነዚህ ሰዎች ይዋሻሉ" የሚል ሰው ብዙ ስላለ። አይዋሹም። አውሮፓ ላይ ዝናብ የሚመጣው ብዙ ጊዜ እንደ ረጅም ግድግዳ ሆኖ ነው፣ ከባሕር ተነስቶ አገር ለአገር ሲጓዝ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ይታያል። የእኛ ዝናብ ድስት ላይ እንዳለ ወጥ ነው። ፀሐይ ጠዋት መሬቱን ታሞቀዋለች፣ እርጥቡ አየር ይነሳል፣ ተራራው ይገፋዋል፣ ከሰዓት በኋላ ይንተከተካል። የትኛው አረፋ የት ጋ እንደሚፈነዳ ማን ያውቃል? ቦሌ ላይ በረዶ ቀላቅሎ ሲያወርደው ጀሞ ልብስ ይሰጣል። ለከተማዋ በሙሉ የተሰጠችው ያቺ አንዲት የደመና ምልክት ቦሌ ላለው እውነት ናት፣ ጀሞ ላለው ውሸት። ስልካችሁ ላይ ያለው አፕም ከዚህ አያመልጥም፤ አብዛኛው ቁጥሩን የሚያወጣው ዓለምን በትልልቅ አራት ማዕዘን ከፋፍሎ ከሚያሰላ ኮምፒውተር ነው፣ እንጦጦንና አቃቂን በአንድ አራት ማዕዘን ውስጥ ሊያያቸው ይችላል።

የድሮ ሰውስ በምን ይተነብይ ነበር? "ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት" ይባል የለ? ይህን አባባል በጣም ነው የምወደው፣ እሱም ራሱ የወቅት ትንበያ ነውና። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። በሰሜኑና በመሃሉ ደጋ የዝናቡ ጣሪያ ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ይጀምራል። አባባሉ ዝናቡ ቆመ አይልም፤ ዶሮ ሲጮኽም እኮ ገና ጨለማ ነው። መንገዱ ወደ ማለቁ ነው ነው የሚለው። አንድ ገበሬ ሲሰማው በትክክል ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። "ከመደበኛ በላይ" የሚለው ቃል እስካሁን እዚያ አልደረሰም።

አሁን ወደ አራት ዲግሪው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ ወዳጄ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ግቢው ጥግ ላይ በሽቦ የታጠረች ትንሽ ሣር ቦታ አለች። ወዳጄ "ና አንድ ነገር ላሳይህ" ብሎ ወሰደኝ። የአየር ጠባይ መለኪያ ቦታ ናት። መዝጋቢው አዛውንት ናቸው፣ ንጹሕ ኮት ለብሰዋል፣ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘዋል። ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ አዩ። ልክ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን አጥሩን ከፈቱ። "ሁሉም በአንድ ሰዓት ነው የሚያነበው" አሉኝ። "እኔ ካረፈድኩ የእኔ ቁጥር ከሌላው ጋር አይናበብም።"

መጀመሪያ የዝናብ መለኪያው። አፉ ክብ የሆነ ቆርቆሮ ነገር፣ ውስጡ ማንቆርቆሪያ፣ ከሥሩ ውሃው የሚጠራቀምበት ዕቃ። ያንን አውጥተው ወደ አንዲት ቀጭን የመስታወት መስፈሪያ ገለበጡት። ዝቅ ብለው ዓይናቸውን ከውሃው ጫፍ ጋር አስተካከሉ። ሦስት ነጥብ ሁለት። ጻፉ። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው ብለው አስረዱኝ፣ ስለዚህ የዚያች ሌሊት ካፊያ በእያንዳንዷ ካሬ ሜትር ላይ ሦስት ሊትር ከምናምን አፍስሳለች። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ከባድ ዝናብ ይባላል። ያቺ ቆርቆሮ ናት እንግዲህ ወደ መሃል አገር ሄዳ "መደበኛ" የምትባለው። ሰላሳ ዓመት በየጠዋቱ እንደዚህ ዝቅ ብሎ የሚያነብ ሰው ከሌለ "መደበኛ" የሚባል ቃል የለም። ይህን ሳስብ ሰውዬውን ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

ቀጥሎ ነጩ ሣጥን። አራት እግር አለው፣ ከደረቴ ከፍ ይላል። ጎኖቹ አየር እንዲያስገቡ ፀሐይ ግን እንዳያስገቡ ተዳፍተው በተደረደሩ ስስ ጣውላዎች የተሠሩ ናቸው። ሲከፍቱት ውስጡ ሁለት ቴርሞሜትሮች ተጋድመዋል። አንዱ ሜርኩሪ ነው፣ ጉሮሮው ጠበብ ተደርጎ ስለተሠራ ሙቀቱ የደረሰበት ጣሪያ ላይ እንደቆመ ይቀራል። ሌላው አልኮል ነው፣ ውስጡ የምትንሳፈፍ ትንሽ እንጨት የመሰለች ዘንግ አለች፤ ሌሊት አልኮሉ እየተሰበሰበ ወደ ታች ሲወርድ ይጎትታታል፣ ጠዋት ሲሞቅ ግን ትቷት ይመለሳል። የሌሊቱን ቅዝቃዜ ወለል የምትጠቁመው እሷ ናት። ያቺን ዘንግ አይቼ ዝም አልኩ። "ዝቅተኛ" ማለት ይህች ናት። የልጅነት ምሽቶቼ ሁሉ እዚህ መስታወት ውስጥ ነበሩ።

"ጌታዬ" አልኳቸው፣ "አራት ሲሆን ውርጭ ይሆናል እንዴ?"

ሳቁ። ጎንበስ ብለው ሣሩን ነካ ነካ አደረጉት። "ቴርሞሜትሩ የት ነው ያለው?" አሉኝ። "ላይ" አልኩ። "ባቄላውስ?"

በቃ ይኸው ነው መልሱ። ሣጥኑ ያለው ሰው ደረት ላይ ነው፣ ጥላ ሥር። ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። መጀመሪያ የሚቀዘቅዘው መሬቱና ቅጠሉ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እዚያው ታች ይተኛል፣ ከዳገቱም እንደ ውሃ እየተንሸራተተ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ሣጥኑ ውስጥ አራት ዲግሪ ሲነበብ ሣሩ ላይ ዜሮ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ረባዳው ማሳ ላይ ያለው ባቄላ ሲጠቁር ዳገቱ ላይ ያለው የተረፈው። ደመና ካለ ግን ሙቀቱን ይመልሰዋል፣ ነፋስ ካለም አየሩን ያማስለዋል፣ ያኔ አራት አራት ብቻ ነው።

አባዬ ይህን ሁሉ ፊዚክስ አያውቅም። ግን ደብረ ብርሃን አራት ስትባል ኅዳር ላይ ሰማዩ ምን እንደሚመስል፣ የቤታቸው ማሳ የት ጋ እንደሚተኛ ያውቃል። ቁጥሩን ወደ ባቄላ ተርጉሞ ነው የሰማው። እኔ ቁጥሩን ብቻ ሰማሁ።

ስለዚህ ከላይ ሙቀት መቁጠር ምን ያደርጋል ያልኩትን እዚህ ላይ ላስተካክለው። ከፍተኛው ሳይሆን ዝቅተኛው ለደጋው ሰው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሞት የሽረት ቁጥር ነው። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የተባለው ለሰው ነው፣ ሰብሉም ይበርደዋል። ነገር ግን "ዝቅተኛ አራት" ብሎ ማለፍ አይበቃም። "ዛሬ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድራል፣ በረባዳ ቦታ ያለ ባቄላና አተር ውርጭ ሊያገኘው ይችላል" ቢባል ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ባለሙያዎቹ በየአሥር ቀኑ በሚያወጡት መግለጫ ላይ ይህን የመሰለ ለገበሬ የሚሆን ምክር አለ፣ አንብቤዋለሁ፣ ጥሩ ሥራ ነው። ችግሩ ያ መግለጫ ቴሌቪዥን ጋ ሲደርስ ፀሐይና ደመና ሥዕል ሆኖ መቅረቱ ነው። ከተማ በከተማ ከሚነበብ ደግሞ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ተብሎ ቢነበብ እንዴት ያለ ነገር ነበር። ገበሬው ራሱን የሚያውቀው በዚያ ስም ነው።

የሚቆጨኝ ሌላም ነገር አለ። በዚያ በኅዳር ምሽት ትንበያው ደርሶ ነበር። ልክም ነበር። የደረሰው ግን አዲስ አበባ፣ ሳሎን ውስጥ፣ አንድ ፍሬ ባቄላ ለሌለው ሰው ነው። ጋሼ ቤት መብራት የለም፣ ቴሌቪዥን የለም፣ ስልክ የለም። አባዬ እጁን አንስቶ ሰማ፣ እጁን አውርዶ አዘነ፣ ሌላ ማድረግ የሚችለው ነገር አልነበረም። ዛሬ ጋሼ ኪሳቸው ውስጥ ስልክ አለ።

ባለፈው ኅዳር አባዬ ዘንድ እራት ላይ ነበርኩ። አርጅቷል፣ ጆሮው ከበድ ብሏል፣ እጁ ግን አሁንም ትነሳለች፤ ልጆቼም ያቺ እጅ ስትነሳ ዝም ይላሉ። "ደብረ ብርሃን፣ ዝቅተኛ ሦስት" ተባለ። አባዬ ወዲያው ስልኩን ሰጠኝና "ደውልለት" አለኝ። ደወልኩ። ድምፁን ለሁላችንም ከፈትኩት። ጋሼ ከውጭ ናቸው፣ ውሻ ይጮኻል።

"ሦስት ነው አሉ" አለ አባዬ እየጮኸ። "ባቄላው እንዴት ነው?"

ጋሼ ትንሽ ዝም አሉ። ቀና ብለው እያዩ እንደሆነ ገባኝ።

"ሰማዩ ጋቢውን ለብሷል" አሉ። "ግባና ተኛ።"